የታላቅ ወንድም ምክር በአቃቂ

የአገራችንን የትምህርት ታሪክ የጻፉ ሰዎች ትምህርት ቤቱን ማን እንደ መሠረተው፣ ሕንፃው በማን ዘመነ መንግሥት እንደ ታነጸ፣ መምህራኑም ከየት አገር እንደ መጡ በትጋት መዝግበው አቆይተውልናል፤ ልጁ ወደዚያ ሕንፃ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚሄድበት ዋዜማ ግን ማን አጠገቡ ተቀምጦ ምን እንደ ነገረው፣ ከምን እንዳስጠነቀቀው፣ በምን ቃል መርቆ እንደ ሰደደው የጻፉት እምብዛም ነው። ይህም የሆነው ነገሩ ትንሽ ሆኖ ሳይሆን በጓዳ የሚነገር፣ ምስክር የሌለው፣ ማኅተም ያልተመታበት ቃል በመሆኑ ነው። ይሁን እንጂ አቃቂን ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የጓዳ ቃል ይልቅ የስፍራውን ታሪክ አጥብቆ የያዘ መዝገብ ማግኘት ይቸግረዋል፤ ባቡሩም፣ ፋብሪካውም፣ አብዮቱም፣ ኋላም ኮንዶሚኒየሙ እየተከታተሉ በዚያ ምክር ውስጥ አልፈዋልና፤ መካሪውም ከአባት ወደ ታላቅ ወንድምና ወደ ታላቅ እህት የተሻገረው በእነርሱው ምክንያት ነው።

በጥንቱ ሥርዓት ምክር የአባት ገንዘብ ነበር። በመጽሐፈ ምሳሌና በመጽሐፈ ሲራክ ጥበብ የምትናገረው በአባት አንደበት ነው፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው አንጋረ ፈላስፋም ጠቢብ ለልጁ፣ መምህር ለደቀ መዝሙሩ የሚሰጠውን ተግሣጽ አሰባስቦ የያዘ መጽሐፍ ነው። ይህ ልማድ ወደ ማተሚያ ቤት ዘመን ሲሻገር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ፤ በርእሱ እንደሚታየው በዚያ ዘመን አሳብ ምክር ሁለት ሥራ ነበረው፤ ልጁን ያቀናል፣ አባቱንም ካለፈ በኋላ ያስታውሳል። ተራው ባላገር መጽሐፍ ባይጽፍም በዚህ ነገር ከሊቃውንቱ አይለይም ነበር፤ «መካር የሌለው ንጉሥ ያላንድ ዓመት አይነግሥ» እያለ ልጁን ይመክራል፣ ልጁም አልሰማ ያለው እንደ ሆነ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብሎ ነገሩን ለጊዜ ይተወዋል።

ሆኖም የአባት ምክር ከደጃፍ የማያልፍበት አንድ መንገድ ከጥንት ጀምሮ ነበረ፤ እርሱም የቆሎ ተማሪ መንገድ ነው። ልጁ በአጥቢያው ካለው የንባብ ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ ፊደለ ሐዋርያውንና ወንጌለ ዮሐንስን ተሻግሮ፣ ዳዊት ደግሞ ሲያበቃ ዜማ ወይም ቅኔ ፍለጋ ከአገሩ ይወጣል፤ አራሽ የሆነው አባቱ ግን ቅኔ ቤት ምን እንደሚመስል አያውቅምና ከምርቃትና ከስንቅ በቀር የሚሰጠው የለውም። በሶውን በስልቻ ቋጥሮ፣ ደበሎውን አልብሶ፣ «እግዚአብሔር ይከተልህ» ብሎ ይሰደዋል፤ ብዙው ልጅማ ይህንንም ሳያገኝ፣ ወላጆቹ እንዳይከለክሉት ሌሊት ተደብቆ የጠፋ ነው። እንግዲህ ለዚህ ልጅ መካሪ የሚሆነው ማን ነው ቢባል አባት አይደለም፣ መምህሩም አይደሉም፤ የኔታ ለብዙ ደቀ መዛሙርት ቅኔ ሲያዘርፉና ሲያርሙ ይውላሉ እንጂ አዲስ የመጣውን ልጅ ጎጆ እንዴት እንደሚቀለስ ለማስተማር ጊዜ አይበቃቸውም። መካሪው ከእርሱ በፊት የመጣው ተማሪ ነው። ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ቀለም ያስቀጽለዋል፤ አኮፋዳ እንዴት እንደሚሰፋ ያሳየዋል፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲባል ድምፅ እስከ ምን ከፍ እንደሚል፣ የማን ደጅ ውሻው ክፉ፣ የማን ደጅ ደግሞ እመቤቲቱ ቸር እንደ ሆነች፣ የመንደሩ ሰው ፊት የሚያጠቁረው በየትኛው ወር እንደ ሆነ፣ ዱላም ለምን በግራ እጅ እንደሚያዝ ይነግረዋል። ይህ ምክር ምሳሌም ተረትም የለበትም፤ መንገዱን ትናንት የሄደ ሰው ዛሬ ለሚሄደው የሚነግረው ነው። በሥጋ ወንድሙ ባይሆንም በቀለም ታላቁ ነውና ልጁ ያምነዋል።

ይህን ያህል ስለ ቤተ ክህነት ትምህርት ያተትሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አባት መራቂ፣ ቀዳሚው ተማሪ መካሪ የሆኑበት ይህ የሥራ ክፍፍል በዘመናዊ ትምህርት ጊዜ አዲስ ተፈጠረ የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ያደረገው ቢኖር ክፍፍሉን ከገዳምና ከደብር አውጥቶ ወደ እያንዳንዱ ሠራተኛ ቤት ማስገባቱ ነው።

የዘመናዊው ትምህርት አጀማመር በሰፊው የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. አቋቁመው ከግብፅ በመጡ ቅብጣውያን መምህራን አስከፈቱ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኰንንን፣ እቴጌ መነን በ1924 ዓ.ም. የሴቶችን ትምህርት ቤት አቆሙ፤ ከጠላት ወረራ በኋላም በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም ጄኔራል ዊንጌት ተከፈቱ። ከዚህ ሁሉ ለእኛ ነገር የሚጠቅመን አንድ ነጥብ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለብዙ ዘመን በዋና ከተማው የተከማቸ ስለ ነበረ ከከተማው ወጣ ብሎ ላለ ልጅ «ሃይስኩል ገባ» ማለት ከመንደሩ ወጣ ማለት ነበር። ከጠላት በኋላ የተማረው ትውልድ ስምንተኛ ክፍልን ሲጨርስ የሚፈተነው፣ ሰው ሁሉ «ሚኒስትሪ» እያለ የሚጠራው አገር አቀፍ ፈተናም በመንደሩና በከተማው መካከል የቆመ ኬላ ነበር።

አቃቂ ደግሞ ኬላና መተላለፊያ መሆንን ከጥንት ጀምሮ የለመደ ስፍራ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ፣ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር የሆነው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1915 ዓ.ም. አቃቂ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ የቀረው 23 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን እርሱን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አቃቂ የሐዲዱ ጫፍ ስለ ነበረ የነጋዴው ጭነት ከባቡር ወርዶ በበቅሎና በግመል ጀርባ ወደ ዋናው ከተማ ይጓዝ ነበር። ከጠላት ወረራም በፊት የአድቬንቲስት ሚሲዮን በዚሁ ስፍራ ትምህርት ቤት ከፍቶ ስለ ነበረ የአቃቂ ሰው የውጭ አገር መምህር ማየትን ከብዙ የአገር ቤት ከተማ አስቀድሞ ለምዷል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የሚገቡበት አባ ሳሙኤልም ለሥራ ተፈልጎ፣ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠራበት። ይህ ሁሉ ሲሆን የአካባቢው ገበሬ፣ አብዛኛው ኦሮሞ የሆነው፣ ጤፉንና ሽምብራውን በጥቁሩ ኮትቻ መሬት ላይ መዝራቱን አላቋረጠም ነበር፤ ስለዚህ በአንድ ቀበሌ ውስጥ የአራሹ ልጅ፣ የባቡር ሠራተኛው ልጅና የሚሲዮን ተማሪው ልጅ በአንድ ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ ማታ ወደየቤታቸው ሲገቡ የሚሰሙት ምክር ግን ቋንቋውም መልኩም ለየቅል ነበር።

የአቃቂን መልክ ፈጽሞ የለወጠው ግን የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት መባቻ ላይ ከህንድ የመጡ ባለ ሀብቶች የተካፈሉበት፣ በዚህም ምክንያት «ኢንዶ ኢትዮጵያ» ይባል የነበረው ይህ ፋብሪካ ከተለያየ ጠቅላይ ግዛት ሰውን ጠርቶ በአንድ ሰፈር አከማቸ፤ ከወሎና ከሸዋ፣ ከጉራጌና ከወላይታ፣ ከመንዝና ከአርሲ የመጣው ሁሉ በፈረቃ እየተተካካ የመፍተያውንና የሽመናውን መኪና ሌትና ቀን ያዞር ነበር። የዚህ ሠራተኛ ቤት ለምክር ልማድ አዲስ ችግር አመጣ። አባትየው የማታ ፈረቃ ሲሆን ልጁ ከትምህርት ቤት በሚመለስበት ሰዓት ምሳ ዕቃውን በፌስታል ይዞ ይወጣል፤ የሌሊት ፈረቃ ሲሆን ደግሞ ጠጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ እንደ ተነሰነሰ ንጋት ላይ ገብቶ ይተኛል፤ ለምክር የሚሆነው ጊዜ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይም ደመወዝ የተቀበለ ዕለት ብቻ ነው። ጊዜውን ቢያገኝ እንኳ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «እኔ ያየሁትን አንተ አትይ፤ ተማር፤ እንደ እኔ ከመኪና ጋር ስትሟገት እንዳታረጅ»። ይህ ቃል እውነት ነው፣ ልብንም ይነካል፤ ልጁ ግን ከመኪናው ሸሽቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ በየት በር እንደሚገባ አይነግረውም፤ አባትየው ያን በር አያውቀውምና። በዚያው ዘመን ዓለማየሁ እሸቴ «ተማር ልጄ» እያለ የዘፈነው ዘፈን በየቤቱ የተወደደውም ለዚሁ ይመስለኛል፤ አባቶች ሊሉት የፈለጉትን፣ ነገር ግን ከዚያ አልፈው ሊያስረዱት ያልቻሉትን ስላለላቸው ነው። ከዘፈኑ በኋላ ያለው የአንድ ሰዓት ንግግር የወደቀው በታላቅ ወንድም ላይ ነው።

ታላቅ ወንድም ስንል ሁልጊዜ ተምሮ የጨረሰውን ማለታችን አይደለም፤ እንዲያውም በአቃቂ የሠራተኛ ሰፈር መካሪ ሆኖ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከመንገድ የቀረው ነው። አባት ሲታመም ወይም ቤተሰቡ ሲበዛ የመጀመሪያው ልጅ ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጦ በአባቱ ስፍራ ፋብሪካ ይገባል፤ ከእርሱ በታች ያሉት ደግሞ በእርሱ ደመወዝ ይማራሉ። ለታናናሾቹ «ጋሼ» ነው፤ ዩኒፎርም የሚያሰፋላቸው፣ ደብተር የሚገዛላቸው፣ የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ «ወላጅ» ተብሎ የሚፈርመውም እርሱ ነው። «ሳይማር ያስተማረኝ» የሚለው የተመራቂዎች ምስጋና ለገበሬው ሕዝብ ቢነገርም በዚህ ሰፈር ባለቤቱ በአብዛኛው የሃያ ሁለትና የሃያ ሦስት ዓመት ጎልማሳ ነው። በእኔ ግምት የዚህ ሰው ምክር ማትሪክ አልፎ ዩኒቨርሲቲ ከገባው ይልቅ ይሻላል፤ ያለፈው ሰው መንገዱን በስኬቱ ስለሚያስበው ሁሉ ቀላል ይመስለዋል፣ የቀረው ግን እግሩ የት ላይ እንደ ተሰናከለ ያውቃልና።

ይህ ሰው የሚናገረውን ቀረብ ብሎ የሰማ ሰው ከምሳሌያዊ አነጋገር ይልቅ የሂሳብ ሰነድ የሚያዳምጥ ይመስለዋል። መጀመሪያ የሚያስጠነቅቀው ስለ ደረጃ ነው፤ «ስምንተኛ ክፍል አንደኛ ትወጣ ስለ ነበር ዘጠነኛም እወጣለሁ ብለህ አትጠብቅ፤ ከየትምህርት ቤቱ አንደኛ የወጡት ሁሉ እዚያ ተሰብስበዋል፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ ሲሰጥህ አሥራ አምስተኛ ብትሆን አትደንግጥ፣ ተስፋም አትቁረጥ»። ቀጥሎ ሒሳብ ይመጣል፤ «የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ካልገባህ አሥረኛ ላይ ይገባኛል አትበል፤ የምትወድቀው ዘጠነኛ ላይ ነው፣ መውደቅህ የሚነገርህ ግን አሥራ ሁለተኛ ላይ ነው»። ከዚያ እንግሊዝኛ ነው፤ «መምህሩ ያለው ካልገባህ እጅህን አውጣና ጠይቅ፤ የሚስቁብህ ልጆች ለእነርሱም አልገባቸውም»። ደብተርን ማዋስ በጎ ነገር ቢሆንም በፈተና ሳምንት ማዋስ ራስን መስጠት እንደ ሆነ፣ ሰቃዩን ከመቅናት ይልቅ አጠገቡ መቀመጥ እንደሚሻል፣ ቀለሜ እያሉ የሚያፌዙት ልጆች የሁለተኛው ሴሚስተር ፈተና ሲደርስ ማስታወሻ ለመለመን እንደሚመጡ፣ አንድ ቀን ፎርፎ ፑል ቤት የገባ ልጅ ሁለተኛውን ቀን እንደማይቆጥረው ይነግረዋል። ኩረጃንም አይረሳም፤ ስለ ኩረጃ የሚለው ግን ኃጢአት ነው የሚል አይደለም፤ «ከጎንህ ያለው ልጅ የተሳሳተውን አብረህ ትሳሳታለህ» ነው የሚለው። ቄሱ ቢሰሙ ስለ ነፍስ ባለመነገሩ ያዝኑ ይሆናል፤ ልጁ ግን ይህን ቃል አይረሳውም።

ስለ እንግሊዝኛ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ራሱ ረጅም ታሪክ አለው። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ፣ መምህሩም ብዙውን ጊዜ ህንዳዊ ወይም እንግሊዛዊ ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ከ250 የሚበልጡ አሜሪካውያን የሰላም ጓዶች በአንድ ጊዜ መጥተው በየትምህርት ቤቱ ተሠማሩ። እንግዲህ የአቃቂ ልጅ በቤቱ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ሲናገር አድሮ ጧት በህንድ ቅላጼ ኬሚስትሪ፣ ከሰዓት በኋላ በአሜሪካ ቅላጼ ጂኦግራፊ ይሰማ ነበር። ታላቅ ወንድም ያጠናው አንዱ ነገር ይህንን ነበር፤ የትኛው መምህር በፍጥነት እንደሚናገር፣ የትኛው በሰሌዳ ላይ የጻፈውን ቶሎ እንደሚያጠፋ፣ የትኛው ደግሞ ጥያቄ ሲጠየቅ ደስ እንደሚለው ለታናሹ አስቀድሞ ይነግረው ነበር። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ የተባለው በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ወደየክፍሉ ሲገባ ይህ ዕውቀት ድንገት ዋጋ አጣ፤ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በቴሌቪዥን መስኮት ላይ አልፎ ይሄዳል፤ «ይድገሙልን» የሚባል መምህር የለም፤ ወይም አለ፣ ግን ቴሌቪዥኑ እስኪጨርስ ዝም ብሎ ይቆማል። ታላላቆቹም አዲስ ምክር ፈጠሩ፤ «ፕላዝማው የሚለውን ሁሉ ለመጻፍ አትሞክር፤ ርእሱንና ምሳሌውን ብቻ ያዝ፣ ሌላውን ከመጽሐፉ ፈልገው»። የትምህርት ሚኒስቴር መምሪያ ይህን የመሰለ ነገር አይጻፍበትም።

ለሴት ልጅ የሚሰጠው ምክር በሌላ ቀለም የተጻፈ ነው። ወንድሟ ስለ ሒሳብ ሲነገረው እርሷ ስለ መንገድ ይነገራት ነበር፤ «ቀጥ ብለሽ ሂጂ፣ ቀጥ ብለሽ ተመለሽ» የሚለው ቃል አባትና እናት የሚስማሙበት ብቸኛው ትምህርታዊ መመሪያ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ የደብረ ዘይት መኪና መንገድ፣ የባቡር ሐዲድ፣ የጭነት መኪና ረዳቶችና የፋብሪካ በር ያለበት በመሆኑ ስጋቱ ከንቱ አልነበረም፤ ቢሆንም የእርሷን ሒሳብ ማን ሊመክራት ነው የሚል ጥያቄ ለብዙ ዘመን ሳይነሣ ቀረ። ጥያቄውን ያነሡት እትዬዎቹ ናቸው። ታላቅ እህት ብዙውን ጊዜ ታናናሾቿን በማሳደግ ምክንያት ከትምህርት የቀረች ስለ ነበረች በታናሽ እህቷ ላይ የምትፈርደው ፍርድ ከወላጆቿ ይለያል፤ እንጀራ መጋገሩን፣ ውኃ መቅዳቱን፣ ሕፃን ማዘሉን በፈተና ሰሞን እርሷ ትወስድባትና «አንቺ ብቻ አጥኚ፤ ምን ሠራሽ ብለው ከጠየቁሽ እኔ ልኬሽ ነው በይ» ትላለች። ከዚህም በላይ ለእናት የማይነገረውን የሚሰማ ጆሮ እርሷ ነበረች፤ አንድ መምህር ያለ ወትሮው ቢቀርብ፣ አንድ ልጅ ደብዳቤ ቢጽፍ፣ የወር አበባ በክፍል ውስጥ ቢያጋጥም ምን እንደሚደረግ የምትመክረው እትዬ ናት። በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተጀመረው የሴቶች ትምህርት ወደ አቃቂ የሠራተኛ ሰፈር የገባው በእንደዚህ ያሉ ሴቶች እጅ እንጂ በአዋጅ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ንብረት ሆነ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ወደ 60,000 የሚደርሱ ተማሪዎችና መምህራን የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተብለው ወደ ገጠር ተሠማሩ። ከአሥራ አንደኛ ክፍል በላይ የሆኑት ታላላቆች ሲዘምቱ ታናናሾቹ ያለ መካሪ ቀሩ፤ ዘማቾቹ ሲመለሱ ደግሞ ይዘውት የመጡት ምክር ከበፊቱ ፈጽሞ የተለየ ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ስለ ሒሳብ የነገረው ሰው የለም። የተነገረው «ወረቀት ቢሰጡህ አትቀበል፤ ስብሰባ ላይ መጨረሻ አትቀመጥ፣ መጀመሪያም አትቀመጥ፤ ስለ እኔ ቢጠይቁህ አላውቅም በል» የሚል ነበር። ያን ዘመን ያሳለፉ ሰዎች ዛሬ አያት ሆነው ለልጅ ልጆቻቸው ሲመክሩ እንኳ «አትግባበት» የሚለው ቃል ከአፋቸው ቶሎ ይወጣል፤ ልጆቹም ስለ ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ የአያታችን ጠባይ ነው ብለው ያልፉታል። ዝምታን መምከር ምክር ነው ወይ የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ ልጁ በሕይወት እንዲቆይ የሚያስችል ሌላ ቃል ባልነበረበት ጊዜ ግን ከዚህ የተሻለ ምክር ሊገኝ አይችልም ነበር።

በዚያው ዘመን ሌላም ነገር ሆነ፤ እርሱ ግን ሳቅ ያለበት ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በመጨረሻ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠውና በማግስቱ ዓመት ከዩኔስኮ ሽልማት ያገኘው፣ የምክሩን አቅጣጫ ለጥቂት ጊዜ ገለበጠው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እያለ ልጁን ያሳደገው ሽማግሌ ራሱ በቀበሌው አዳራሽ ጠባብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከሰፈሩ የሃይስኩል ተማሪ ፊደል መቁጠር ጀመረ። አስተማሪው ልጅ ደግሞ አባቱን በሚያህል ሰው ፊት ቆሞ «ጋሼ፣ እርሳሱን እንዲህ አይያዙ» ይል ነበር። ከዚህ ትምህርት ወጥተው የልጃቸውን የሴሚስተር ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ዓይን ያነበቡ አባቶች ነበሩ፤ ይህም ለአንዳንዱ ልጅ መልካም ዜና አልነበረም፤ እስከዚያ ድረስ ደረጃውን ራሱ እያነበበ ያሰማ ነበርና።

የዛሬው አቃቂ ቃሊቲ ከዚያ ሰፈር በብዙ ተለውጧል። በቱሉ ዲምቱ፣ በገላን፣ በቂሊንጦና በኮዬ ፈጬ በኩል የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ከመሀል ከተማ የፈረሱ ሰፈሮችን ሰው ይዘው መጥተዋል፤ በቂሊንጦ አቅራቢያ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቆሟል፤ የከተማው ቀላል ባቡርም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ቃሊቲ ይመጣል። የድሮው የአቃቂ ልጅ ለሁለተኛ ደረጃ ወደ ከተማ ሲሄድ የዛሬው ከተሜ ልጅ በዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ወደ አቃቂ ይመጣል። በኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤተሰብ ግን እንደ ሠራተኛው ሰፈር የጎረቤት ታላቅ ወንድም የለውም፤ ሰው ገና አልተዋወቀም፤ የመጀመሪያ ልጁን ዘጠነኛ የሚያስገባ አባት ለልጁ የሚጠይቅለት ሰው ሲያጣ ደላላ እንደሚፈልግ ሁሉ አስጠኚ ይፈልጋል። አስጠኚው ሒሳብ ያስተምራል፤ የወር ክፍያውን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ግን ከሰቃዩ አጠገብ ተቀመጥ የሚል የለም።

ለመካሪው ለራሱም ጊዜው ከብዷል። የአባት ምርቃት አያረጅም፤ የወንድም ምክር ግን የሚጠቅመው የትምህርቱ ሥርዓት ሳይለወጥ ከቆየ ነው፤ ሥርዓቱ ደግሞ በአንድ ትውልድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን ከሁለት ከፍሎ ዘጠነኛንና አሥረኛን ለብቻ፣ አሥራ አንደኛንና አሥራ ሁለተኛን መሰናዶ ብሎ ለብቻ አደረገ፤ በ1993 ዓ.ም. ገደማ የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተጀመረ፤ ይኸው ፈተና በ2011 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀረ፤ አሁን ደግሞ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ያለው አራቱ ዓመት እንደ ቀድሞው አንድ ሆኗል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጥቶ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር በየቤቱ የነበረው ድንጋጤ የሚረሳ አይደለም። ስለ ውጤቱ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የምጨምረው ይህ ፈተና የታላላቆችን ምክር አንድ ጊዜ መርምሮ ማሳየቱን ነው። ለዓመታት «ኩረጃ አይጠቅምም» እያሉ ሲመክሩ ከነበሩት ይልቅ «ሁሉም ይኮርጃል፤ አንተም ጊዜውን ምሰል» ሲሉ የነበሩት በርክተው ኖረዋልና የብዙ ልጆች ውድቀት ከመካሪዎቻቸው ውድቀት ተለይቶ ሊታይ አይገባም። በዚህ ነገር ፋብሪካ የገባው የድሮው ጋሼ ከእኛ ዘመን የተሻለ ታማኝ ነበር፤ የልጁን የትምህርት ወጪ የሚከፍለው ራሱ ስለ ነበረ ሊያታልለው አልፈለገም።

አሁን ታናሹ ዘጠነኛ ሊገባ ሲል ታላቁ ስለ አሥረኛ ክፍል ፈተና ሊመክረው ይጀምርና ታናሹ «እሱ እኮ ቀርቷል» ብሎ ያቋርጠዋል፤ ስለ መሰናዶ አመዳደብ ሲነግረውም «እሱም ተቀይሯል» ይለዋል፤ ስልኩን አውጥቶ ስለ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተጻፈውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነብለታል፤ ታላቁም በትዕግሥት ሰምቶ ሲያበቃ ስለ ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ያለውን አንዲት ቃል ሳይቀንስ ይነግረዋል።